የሆድና የአንጎል መርማሪ፤ ኢቫን ፓቭሎቭ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጉም ይቀበለዋል። መኪናው ዋሻውን አልፎ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲይዝ ጆሮው ይደፈናል፤ ምራቁ ባፉ ይሞላል፤ ያቅለሸልሸዋል። ይህስ አያስገርምም። የሚያስገርመው፥ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ያስመለሰ ሰው ሌላ ቀን ሲመጣ መኪናው ገና ቁልቁለቱን ሳይጀምር፥ የዋሻውን አፍ ባየ ጊዜ ሆዱ መታወክ መጀመሩ ነው። ታዲያ ለሆዱ ማን ነገረው? እንዲህ ያለውን ነገር ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የፈጸሙትን የሩስያ ሊቅ የኢቫን ፓቭሎቭን ታሪክ ለዛሬ እሑድ እናቀርባለን።

አስቀድመን ግን ሐኪሞች የሚናገሯቸውን ሁለት ተመሳሳይ ቃላት እንለይ። ሁለቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። ሪፍሌክስ ወደ ኋላ መታጠፍ ማለት ሲሆን፥ ሰውነት ሳናዝዘው በነርቭ አማካይነት የሚሰጠው መልስ ነው፤ ማስነጠስና ማስመለስ ከዚህ ይቆጠራሉ። ሪፍላክስ ግን ወደ ኋላ መፍሰስ ማለት ነው። በምግብ መውረጃው ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው መዝጊያ ሲላላ ኮምጣጣው ፈሳሽ ወደ ላይ ተመልሶ ደረትን ያቃጥላል፤ እኛ ቃር የምንለው ይህን ነው። ፓቭሎቭን ስመ ጥር ያደረጋቸው ምርምር ከዚሁ ከጨጓራ ፈሳሽ ተነሥቶ ወደ ሪፍሌክስ የተሻገረው ነው።

ፓቭሎቭ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1849 ዓ. ም. በርያዛን ከተማ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለዱ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በልጅነታቸው ከከፍታ ወድቀው ክፉኛ ስለ ተጎዱ ትምህርት ቤት የገቡት ዘግይተው ነው። በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ሲማሩ ሳሉ ሴቼኖቭ የተባለው ሊቅ ስለ አንጎል ሪፍሌክሶች የጻፈውን መጽሐፍ አነበቡ፤ በ1870ም ክህነቱን ትተው በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ፥ በኋላም ሕክምና ተማሩ።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራቸው በውሾች ላይ የተደረገ ነው። የውሻው ምግብ መውረጃ ተቆርጦ በአንገቱ በኩል እንዲከፈት ይደረጋል፤ ውሻው ሥጋውን ያኝካል፥ ይውጣል፤ ሥጋው ግን በአንገቱ ወጥቶ ይወድቃል። ወደ ጨጓራው አንዳች ሳይገባ ጨጓራው ፈሳሹን ያመነጫል። ከአንጎል ወደ ጨጓራ የሚወርደው ነርቭ ሲቆረጥ ግን ይህ ይቀራል። እንዲህ ያለው ምርምር በ1904 የኖቤልን ሽልማት አስገኘላቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ ምራቅ ተመለሱ። ምግብ አፉ የገባለት ውሻ ምራቁን ማፍሰሱ በተፈጥሮ ያለ ሪፍሌክስ ነው። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ዘወትር አንድ ድምፅ ቢሰማ ግን ውሻው በድምፁ ብቻ ምራቁን ያፈስሳል። ይህን በልማድ የሚገኝ ሪፍሌክስ አሉት። ድምፁ ያለ ምግብ ደጋግሞ ቢሰማ ደግሞ ምራቁ እየቀነሰ ይጠፋል።

ከአብዮቱ በኋላ ረኃብ በመጣ ጊዜ ውሾቻቸው አለቁ። በ1921 ሌኒን ሥራቸው እንዲረዳ አዋጅ አወጣ። እርሳቸው ግን ስለ ውለታው ዝም አላሉም፤ በ1924 የቀሳውስት ልጆች ከወታደራዊው የሕክምና አካዳሚ ሲባረሩ፥ እኔም የቄስ ልጅ ነኝና ልሂድ ብለው መምህርነታቸውን ለቀቁ።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከተማዪቱን ጎርፍ አጥለቀለቃት። ውሾቹ በየቤታቸው ውሃው እስከ አንገታቸው ደርሶ በጭንቅ ተረፉ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ ረስተው ተገኙ። ልማዳቸው ከተመለሰም በኋላ፥ በበሩ ሥር ጥቂት ውሃ ሲገባ ያየ አንድ ውሻ እንደ ገና ታወከ። ፓቭሎቭ ፍርሃት አንጎልን እንዴት እንደሚያቆስል የተረዱት ከዚህ ነው። በ1935 ለነዚህ እንስሳት መታሰቢያ ሐውልት ተሠራላቸው፤ እርሳቸውም በየካቲት 1936 በሳንባ ምች ታመው በ86 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ወደ ጣርማ በር እንመለስ። በዋሻው አፍ የሚያቅለሸልሸው ልጅ ቀበጥ ወይም ፈሪ አይደለም፤ ሰውነቱ የተማረውን ነው የሚመልሰው። በቍጣ ብናስፈራራው በትምህርቱ ላይ ሌላ ትምህርት እንጨምርበታለን። ከፊት አስቀምጠን፥ ሩቅ እንዲያይ ነግረን፥ ቀስ ብለን ደጋግመን ብናወርደው ግን፥ ሆዱ የተማረውን ፍርሃት ቀስ በቀስ ይረሳው ዘንድ እንረዳዋለን።