አንሪ ዳርሲ፥ የውሃንና የአሸዋን ሕግ ያገኘ መሐንዲስ

በቢቸናና በሞጣ አገር ያደግን ተማሪዎች ሁላችንም ዋልካ አፈርን እናውቃለን። በክረምት ውሃውን ይዞ አልለቅም ስለሚል ማሳው ይጨቀያል፥ የበሬውም እግር ይሰምጣል። በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ነገር ግን አባቶቻችን ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት፥ ይኸው ዋልካ ደብቆ ያስቀመጠውን ርጥበት አምነው ነው። ቀይ አፈር ግን ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል። ይህ ልዩነት በቁጥር ሊነገር ይችላልን? ብለን ስንመረምር፥ ነገሩ ወደ አንድ ፈረንሳዊ ታሪክ መራን።

አንሪ ዳርሲ በ1803 ዓ.ም. ዲዦን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አባቱ የሞተበት ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እናቱ ግን ልጆችዋ ከትምህርት እንዳይለዩ ስለ ጣረች፥ በ1821 ዓ.ም. በፓሪስ ወደ ነበረው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም በመንገድና በድልድይ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ የዲዦን ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ጥቂትና የቆሸሸ ነበረ። ዳርሲም ሮዝዋር ከተባለው ምንጭ፥ ከ12 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የተሸፈነ ቦይ ውሃ አስወርዶ፥ በ1840 ዓ.ም. ወደ ከተማው አስገባ። ውሃው ከከፍታ ወደ ዝቅታ በራሱ ስለሚወርድ የሚገፋው መኪና አላስፈለገም። በየመንገዱም ሕዝቡ የሚቀዳበት ቧንቧ ተተከለ። ዳርሲ ለዚህ ሁሉ ድካም የሚገባውን ብዙ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ፥ የወርቅ ሜዳልያና ዕድሜውን ሙሉ ያለ ዋጋ ውሃ የማግኘት መብት ብቻ ተቀበለ።

በ1848 ዓ.ም. በፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ከሚወዳት ከተማ እንዲርቅ ተደረገ፤ በኋላም በፓሪስ የውሃና የመንገድ ሥራ ሹም ሆነ። ጤናው ስለ ታወከ ግን ከሹመቱ ለማረፍ ጠይቆ፥ የቀረችውን ዕድሜ ለምርምር ሰጠ። በ1855 እና በ1856 ዓ.ም. በዲዦን ሆስፒታል ግቢ አንድ ረዥም የብረት ቱቦ አቁሞ አሸዋ ሞላበት፤ ከላይ ውሃ እየለቀቀ፥ ከታች የሚወጣውን እየለካ ደጋግሞ ጻፈ። ያገኘውም ሕግ እንዲህ ነው፤ የውሃው ከፍታ ልዩነት እጥፍ ቢሆን የሚያልፈው ውሃ እጥፍ ይሆናል፤ የአሸዋው ርዝመት እጥፍ ቢሆን ግን የሚያልፈው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል። እያንዳንዱም የአሸዋ ዓይነት የራሱ የማሳለፍ ቁጥር አለው። ይህን በ1856 ዓ.ም. ስለ ዲዦን የውሃ ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸው። በ1858 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በ54 ዓመቱ፥ በሳምባ በሽታ በፓሪስ ሞተ። የከተማው ሰዎችም አንድ አደባባይ በስሙ ሰየሙ።

ዳርሲ የለካው በውሃ የተሞላ አሸዋ ነበረ። የእርሻ አፈር ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃና አየር የተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ በ1907 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድጋር ባኪንግሃም፥ አፈር ውሃን በምን ያህል ኃይል እንደሚይዝና በደረቀ መጠን ማሳለፉ እንዴት እንደሚደክም አሳየ። በ1931 ዓ.ም. ሎሬንዞ ሪቻርድስ ሁሉንም በአንድ ሒሳብ አጣመረው። የዋልካ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ፥ በመካከሉም ያለው ቀዳዳ ጠባብ ስለ ሆነ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ከያዘውም ብዙውን የእህል ሥር ሊስበው አይችልም። የጥያቄያችን መልስ ይህ ነው።

ውድ አንባቢ፥ አባት የሌለው ልጅ በትምህርት ጸንቶ ከተማውን ውሃ አጠጣ፤ ታምሞም ሳለ መለካቱን አልተወም። እኛም ሁለት ጣሳ ቀድተን፥ አንዱን በዋልካ ሁለተኛውን በቀይ አፈር ሞልተን፥ ሰዓት ይዘን ብንለካ፥ አባቶቻችን በልምድ የሚያውቁትን በቁጥር ልናስረዳ እንችላለን።