ሊዮ ቶልስቶይ፦ ራሱን የሞገተው ባላባት

የሌላውን ጉድለት ለማየት የሚፈጥን ሰው የራሱን ዛሬ ነገ እያለ ያሳድረዋል። «ጦርነትና ሰላም» እና «አና ካሬኒና» በተባሉት ልብ ወለዶቹ የሚታወቀው ሩሲያዊው ደራሲ ሊዮ ቶልስቶይም ከዚህ ድካም ነጻ አልነበረም። ሆኖም ለዓመታት የሸሸውን ነገር ተመልሶ ለመጋፈጥ ደፈረ። ሳይጋፈጠው የቀረው ነገርም ነበር፤ የሕይወቱ ታሪክ በሁለቱም በኩል ያስተምራል።

ቶልስቶይ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1828፣ ከሞስኮ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ያስናያ ፖልያና በተባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። እናቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ አባቱም ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው አረፉ፤ ዘመዶቹ አሳደጉት። በ1844 ካዛን ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ከሦስት ዓመት በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በዚያው በ1847 ርስቱንና ከመሬቱ ጋር የተቆራኙትን ገባሮች ወረሰ።

የወጣትነት ዘመኑን የበላው ቁማር ነበር። በየዕለት ማስታወሻው ጉድለቱን ይዘረዝራል፣ ለራሱ ደንብ ያወጣል፣ ብዙ ሳይቆይ ያወጣውን ደንብ ይጥሳል። በ1851 ወንድሙን ተከትሎ ወደ ካውካሰስ ሄደ፤ ውትድርና ገብቶም በክራይሚያ ጦርነት ሴባስቶፖል ላይ ተዋጋ። ቁማሩ ግን እዚያም አልለቀቀውም። የተወለደበት ትልቁ ቤት ተሸጦ፣ ፈርሶ ወደ ሌላ ባለርስት መሬት ተጓዘ፤ ገንዘቡም በቁማር አለቀ። ለቶልስቶይ የቀሩት ከትልቁ ቤት ግራና ቀኝ የቆሙት አነስተኛ ቤቶች ብቻ ነበሩ።

ሌላም የሚያሳፍረው ነገር ነበር። ከማግባቱ በፊት ከአንዲት ባለትዳር የገበሬ ሴት ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁ በዚያው ርስት ላይ በሠራተኝነት ኖረ እንጂ የልጅነት ወግ አላገኘም። በ1862 የ34 ዓመቱ ቶልስቶይ የ18 ዓመቷን ሶፊያን ሊያገባ ሲል፣ ያለፈ ሕይወቱን እንድታውቅ ማስታወሻውን እንድታነብ ሰጣት። ምንም ሳይደብቅ ለመጀመር አስቦ ያደረገው ነገር በእሷ ልብ ውስጥ ዕድሜ ልክ ያልሻረ ቁስል ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የዝናና የብልጽግና ነበሩ። ሁለቱ ታላላቅ ልብ ወለዶች የተጻፉት በዚህ ጊዜ ነው። ሶፊያ ረቂቆቹን ደጋግማ በእጇ እየገለበጠች፣ ቤቱን እያስተዳደረች 13 ልጆች ወለደች፤ አምስቱ በልጅነታቸው ሞቱ።

ቶልስቶይ ወደ 50 ዓመቱ ሲቃረብ ሀብትም ዝናም እርካታ ነሱት። የኖርኩት ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሥቶ ሞትን እስከ መመኘት አደረሰው። መልሱን ከሊቃውንት መጻሕፍት አጥቶ በገበሬው ኑሮ ውስጥ ፈለገው፤ ድሃው ገበሬ በድካምና በችግር መካከል በእምነት ሲኖር፣ እሱ በሌሎች ላብ በምቾት እንደሚኖር አመነ። በ1882 በሞስኮ የሕዝብ ቆጠራ ሲሳተፍ ያየው የድህነት ገጽታም ይህንን ስሜቱን አጠነከረው።

ለውጡን በእጁ ሥራ ጀመረ። ዕርፍ ጨብጦ አረሰ፣ ሣር አጨደ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ውኃ ቀዳ፣ ጫማ መስፋት ተማረ። አደን፣ ሥጋ፣ መጠጥና ትንባሆ አንድ በአንድ ተወ። ለመለወጥ ዓመታት ወስዶበታል፤ እየወደቀ እየተነሣም ነው የቀጠለው። በ1887 ስካርን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመ።

በ1891 ድርቅ መታና የሩሲያ ገጠር ተራበ። ቶልስቶይ የሀብታሞችን ምጽዋት ይነቅፍ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ከዕርዳታው ራቀ። ወደ ሪያዛን አውራጃ ሄዶ የተራበውን ሕዝብ ሲያይ ግን አቋሙን ለወጠ። ከሴት ልጆቹ ጋር በመንደር ተቀምጦ ለተራቡት ምግብ የሚቀርብባቸውን ቤቶች ከፈተ፤ ቁጥራቸውም ከ200 በላይ ደረሰ፤ በየቀኑም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይመገቡባቸው ነበር። ሶፊያ በጋዜጣ የዕርዳታ ጥሪ አቅርባ ገንዘብ አሰባሰበች።

ሊፈታው ያልቻለው ችግር በገዛ ጎጆው ውስጥ ነበር። በ1891 ከ1881 ወዲህ የጻፋቸውን ሥራዎች ማንም በነጻ እንዲያሳትማቸው ፈቀደ፤ በቀጣዩ ዓመት ንብረቱን ለሚስቱና ለልጆቹ አከፋፈለ። ልጆቿን ለማሳደግ የምትጨነቀው ሶፊያ ይህንን መንገድ አልተቀበለችም። ባልና ሚስት ቁጭ ብለው መፍታት የነበረባቸው ጉዳይ ለዓመታት በጠብና በዝምታ ተንከባለለ። በ1910 ቶልስቶይ የድርሰቶቹን መብት የሚመለከት ኑዛዜ ከሚስቱ ደብቆ ፈረመ። እውነትን ዕድሜውን ሙሉ የሰበከ ሰው በቤቱ ምሥጢረኛ ሆነ።

በዚያው ዓመት መጸው፣ በ82 ዓመቱ፣ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ሄደ። በባቡር ሲጓዝ የሳንባ ምች ያዘውና አስታፖቮ በምትባል አነስተኛ ጣቢያ፣ በጣቢያው ኃላፊ ቤት ተኛ። ሶፊያ ተከትላው ብትመጣም ወደ እሱ እንድትገባ የተፈቀደላት ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አረፈ። በኑዛዜው መሠረት በያስናያ ፖልያና ደን ውስጥ፣ ሐውልት በሌለበት የአፈር መቃብር ተቀበረ።

ቁማሩን፣ መጠጡንና ትምክሕቱን ስማቸውን ጠርቶ ስለተጋፈጣቸው ቀስ በቀስ ለቀቁት፤ ከትዳር ጓደኛው ጋር ያለውን ቅራኔ ግን አሳድሮ አሳድሮ በመጨረሻ ሸሸው። አረም በወቅቱ ካልተነቀለ አዝመራውን እንደሚውጥ አርሶ አደር ሁሉ ያውቃል። ዕዳ፣ ሱስ ወይም የቤት ውስጥ ቅሬታ ያለበት ሰውም ዛሬ ከሚመለከተው ሰው ጋር ቢነጋገርበት፣ ነገ የሚከፍለው ዋጋ ይቀንስለታል።