ኬቮርክ ናልባንዲያን፦ ከመዝሙሩ ባሻገር

በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ ጽሑፎች የኬቮርክ ናልባንዲያን ስም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ በመድረሳቸው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ከመዝሙሩ ይልቅ ያስጀመሩት የማስተማር ሥራ የረዘመ ዕድሜ አግኝቷል የሚል ነው።

ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1887 በኦቶማን ግዛት በአይንታብ ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ የደረሰው እልቂት አርመኖችን ከቀያቸው ነቅሎ በየአገሩ በተናቸው፤ በኢየሩሳሌም የሚገኘው የአርመን ገዳምም ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን ልጆች ያሳድግ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ እነዚህን ልጆች አይተው ወደዷቸው። ከፓትርያርኩ ፈቃድ አግኝተውም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ። ጓዱም አርባ ልጆች ተብሎ የመንግሥቱ የመጀመሪያ ይፋዊ ኦርኬስትራ ሆነ።

የናስ መሣሪያ ለከተማዋ እንግዳ አልነበረም፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ መሣሪያዎች ነበሩ። ኖታ የሚባለውንም የመጀመሪያው የዜማ ጽሕፈት አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ምልክት አላት። ነገር ግን አዝማሪው ሙያውን በጆሮ ከዘመዶቹ ይወርስ በነበረበት ዘመን ዓለማዊ ሙዚቃን ከወረቀት አንብቦ በኅብረት መጫወት ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር።

ማርሽ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ተደርሶ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥና በዓሉ ላይ ተሰማ። አገር ያጣ ሰው የሌላ አገር ክብር የሚገለጽበትን ዜማ ደረሰ ማለት ነው። መዝሙሩ የመላው አገር ነበር ሲባል ግን ከጋምቤላ ሆኖ የሚያነብ ሰው ጥቂት ማመንታቱ አይቀርም፤ በባሮ ዳር የነበረው የንግድ ጣቢያ በ1902ቱ (እ.ኤ.አ.) ስምምነት መነሻነት እስከ 1956 በሱዳን አስተዳደር ሥር ነበርና።

ርእሱን የመረጥሁትም ከዚሁ ከጋምቤላ የተነሣ ነው። ከደቡብ ሱዳን ስለመጡት ስደተኞች ሲጻፍ ስለ እህልና ስለ መጠለያ ብዙ ይባላል፤ ይዘውት ስለመጡት ሙያ ግን እምብዛም አይመዘገብም።

ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ዐረፉ። የወንድማቸው ልጅ ኔርሲስ ግን በአይንታብ ተወልደው፣ በሐለብ አድገው፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ መሩ። ከአሥር ዓመት በኋላም ኦስትሪያዊውን ፍራንዝ ዘልቬከርን ተክተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር፣ የሙዚቃ ክፍል ያዙ። በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረቱትን እንደ ትዝታና ባቲ ያሉ ቅኝቶች ለብዙ መሣሪያዎች ሲያቀናብሩ የገጠማቸው ፈተና ከአጎታቸው ይልቅ የከበደ ይመስለኛል፤ ማርሽ ከአውሮፓ ሥርዓት ጋር በቀላሉ ይስማማል፣ ትዝታ ግን በዚያ ሥርዓት ሲታጀብ ጠባዩን እንዳይለቅ ጥንቃቄ ይሻል። ኔርሲስ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያርፉ የአጎታቸው መዝሙር በደርግ ዘመን መዝሙር ከተተካ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ግን ሥራውን ቀጥሎ ነበር።