በሽተኞቹን እያዋራ የአንጎልን ካርታ የሠራው ሐኪም

ይህን ጽሑፍ በአውራ ጣትዎ ወደ ላይ እየገፉ ነው የሚያነቡት አይደል? ያንን ጣት የሚያዘው የአንጎል ክፍል የት ጋ እንዳለ ዛሬ ኤምአርአይ የራስ ቅል ሳይከፈት ያሳያል። ድሮ ግን መክፈት ግድ ነበር። በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ዶክተር ዊልደር ፔንፊልድ ነው።

በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ስፖኬን ከተማ ተወለደ። ፕሪንስተን፣ ቀጥሎም ኦክስፎርድ ተማረ። በ1916 የተሳፈረባት መርከብ በጀርመን ቶርፔዶ ተመትታ፣ ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ።

በ1928 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ገባ። በዚያው ዓመት እህቱ ሩት የአንጎል ዕጢ እንዳለባት ታወቀ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ማን መሰላችሁ? ራሱ ወንድሟ! የገዛ እህትን ጭንቅላት መክፈት እንዴት ያለ ነገር ነው? ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግን አልቻለም። ሩት በ1931 አረፈች። ፔንፊልድ ከዚያ በኋላ የነርቭ ሕክምናና ምርምር አንድ ላይ የሚሠራበት ተቋም ለማቋቋም ተሯሯጠ፤ በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ በ1934 የሞንትሪያል ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩት ተከፈተ።

ብዙ ያከመው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ነው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ የራስ ቆዳው ብቻ ይደነዝዝና በሽተኛው ነቅቶ ያወራል። ፔንፊልድ አንጎሉን በቀላል ኤሌክትሪክ ይነካል። አንዱ ቦታ ሲነካ የበሽተኛው አውራ ጣት ሳያዘው ይንቀሳቀሳል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሲሉ ደግሞ ማንም ሳይነካው እጁን ወረረኝ ይላል። በየቦታው ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ይቀመጥና ፎቶ ይነሳል። ይሄ ሁሉ ቢላው ሲገባ እጅን ወይም ንግግርን እንዳይጎዳ ነው።

ውጤቱን ከኤድዊን ቦልድሬይ ጋር በ1937 አሳተመ። ሆመንኩለስ የሚባለው አስቂኝ ሰውዬ የመጣው ከዚህ ነው፤ እጁና ከንፈሩ ግዙፍ፣ ጀርባው ሚጢጢ። መርፌ የሚያስገባ ጣት ከጀርባ ይልቅ ብዙ የአንጎል ቦታ ይፈልጋላ!

ፔንፊልድ በ1976 ሞተ። ዛሬ ሰው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ወይም መዳፉ በብሩሽ ሲነካ፣ ደም ወደየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚበዛ ማሽኑ ያነባል። ካርታው በአብዛኛው ልክ ሆኖ ተገኝቷል። በ2023 የወጣ ጥናት ግን በእግር፣ በእጅና በአፍ ቦታዎች መካከል መላ ሰውነትን የሚያቀናጁ የሚመስሉ ክፍሎች እንዳሉ አሳይቷል።

ዕጢው እጅን ከሚያዘው ቦታ አጠገብ ሲሆን ግን ብዙ ሐኪሞች ዛሬም በምስሉ ብቻ አይተማመኑም። በሽተኛውን አንቅተው፣ በኤሌክትሪክ እየነካኩ፣ ምን ተሰማህ ብለው ይጠይቁታል።