ክሎድ ሞኔ፤ ብርሃንን የሣለ ሠዓሊ

ሠዓሊ የሚሥለው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ሰውን፣ ቤትን፣ ዛፍን ወይም ተራራን ነው ብሎ ይመልሳል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ግን ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ቤቱንና ዛፉን ለመሣል ሳይሆን፣ በእነርሱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ለመሣል ነበር። ብርሃን ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ጧት የነበረው ቀትር ላይ የለም፤ ቀትር ላይ የነበረውም ማታ አይገኝም። ስለዚህ የዚህ ሰው ሕይወት ቆሞ ከማይጠብቅ ነገር ጋር የተደረገ ረጅም ትግል ነበር። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሎድ ሞኔ ኖቬምበር 14 ቀን 1840 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ዕድሜው 5 ዓመት ገደማ ሲሆን ወላጆቹ በሰሜን ፈረንሳይ ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ለሀቭር ወደብ ሄደው ተቀመጡ። አባቱ በንግድ ሥራ ይተዳደር ስለ ነበረ ልጁም ያንኑ ሥራ እንዲይዝ ይፈልግ ነበር። ልጁ ግን ከክፍል ውስጥ ይልቅ የባሕሩን ዳርቻ የሚወድ ነበር፤ ክፍል ውስጥ በተቀመጠም ጊዜ በደብተሩ ላይ የመምህራኑን መልክ እያጋነነ የሚያስቅ ሥዕል ይሥል ነበር። ጥቂት ቆይቶም የከተማውን ሰዎች እንዲሁ እየሣለ አንዱን ሥዕል በ10 ወይም በ20 ፍራንክ መሸጥ ጀመረ።

እነዚህ ሥዕሎች የሚሰቀሉበት በአንድ የሥዕል ክፈፍ ሻጭ መስኮት ላይ የኤዤን ቡደን ሥራዎችም ይታዩ ነበር። ቡደን ባሕርንና ሰማይን የሚሥል ሰው ነው። እርሱም የወጣቱን ተሰጥዎ አይቶ ሸራውን ተሸክሞ ከእርሱ ጋር ወደ ሜዳ እንዲወጣ መከረው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሠዓሊዎች በደጅ ንድፍ ብቻ ይነድፉ ነበር እንጂ ሥዕሉን የሚፈጽሙት በቤት ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ በ1841 ቀለም የሚያዝበት የብረት ቱቦ ተፈልስፎ ስለ ነበረ፣ ቀለም ሳይደርቅ ሩቅ ቦታ ድረስ ይዞ መሄድ ይቻል ነበር። ሞኔ ከቡደን ጋር በወጣ ጊዜ ዓይኑ እንደ ተከፈተለት ቆይቶ መስክሯል።

በ1859 ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1861 ለወታደርነት ተጠርቶ ወደ አልጀርያ ተላከ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ታሞ ስለ ተመለሰ አክስቱ ገንዘብ ከፍላ ከጦሩ አስወጣችው። ከዚያ በኋላ በፓሪስ በአንድ የሥዕል መምህር ዘንድ ሲማር ረኗርን፣ ሲስሌንና ባዚልን አገኘ፤ አራቱም ወዳጆች ሆኑ። በ1866 ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው ሸራ ዘርግቶ በአትክልት ስፍራ የቆሙ ሴቶችን መሣል ጀመረ። ሥዕሉን በደጅ ለመሥራት ቈርጦ ስለ ተነሣ፣ ላይኛውን ክፍል በሚሥልበት ጊዜ ሸራው ዝቅ እንዲልለት በመሬት ውስጥ ጕድጓድ አስቈፈረ። በ1867 መንግሥት ለሚያዘጋጀው ታላቅ የሥዕል ትርኢት ቢያቀርበው ግን ዳኞቹ አልቀበልም አሉት። ወዳጁ ባዚል ሥዕሉን በ2,500 ፍራንክ ገዝቶ ገንዘቡን በየጊዜው 50 ፍራንክ እየከፈለ ረዳው። ይህ ደግ ወዳጅ በ1870 ጦርነት ላይ ሞተ።

ሞኔና ጓደኞቹ በትርኢቱ ዳኞች በር መመላለስ ስለ ሰለቻቸው፣ በአፕሪል 1874 በፓሪስ የራሳቸውን ትርኢት ከፈቱ። ሞኔ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ በለሀቭር ወደብ በጭጋግ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ነበር፤ ስሙንም አምፕረሲዮን፣ ማለት በዓይን የተቀረጸ ስሜት፣ ብሎት ነበር። አንድ የጋዜጣ ጸሐፊ በዚህ ስም አፊዞ ሠዓሊዎቹን ሁሉ አምፕረሲዮኒስቶች ብሎ ጠራቸው። ለመሳለቂያ የተሰጣቸው ስም የክብር ስማቸው ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠሩበታል።

ስሙ ይታወቅ እንጂ ኑሮው አልተሻለም። በ1870 ያገባት ሚስቱ ካሚል በብዙ ሥዕሎቹ ላይ የምትታይ ሴት ናት። ዕዳው እየበዛ፣ አከራዩና ባለሱቁ በር እያንኳኩ ሁለት ልጆች ወለዱ። ካሚል ሴፕቴምበር 5 ቀን 1879 በ32 ዓመቷ ታማ ሞተች። ሞኔ በአስከሬኗ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ሞት በፊቷ ላይ የሚያሳየውን የቀለም ለውጥ፣ ሰማያዊውን፣ ቢጫውንና ግራጫውን፣ ዓይኑ ሳያዝዘው ሲከታተል ራሱን አገኘው፤ ሣላትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ለወዳጁ ለክሌማንሶ ሲነግረው በራሱ እየደነገጠ ነበር። የሚወዳትን ሴት እያለቀሰ እንኳ ዓይኑ ሥራውን አልተወም ነበርና። ሥነ ጥበብ ከሰው ምን ያህል እንደሚወስድ ከዚህ ይታያል።

በ1883 ጂቨርኒ ወደምትባል የገጠር መንደር ሄዶ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ኖረ። በ1890 መኸር ከቤቱ አጠገብ ባለው እርሻ ገበሬዎች የከመሩትን የስንዴ ክምር መሣል ጀመረ። በመጀመሪያ ሁለት ሸራ፣ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለደመና፣ ይበቃኛል ብሎ ነበር። ነገር ግን ብርሃኑ በየጥቂቱ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ የእንጀራ ልጁን ሌላ ሸራ አምጪ፣ አሁንም ሌላ አምጪ ይላት ነበር። ብርሃኑ ሲለወጥ የያዘውን ሸራ አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ያቋረጠውን ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት 25 ያህል ሥዕሎች ሠራ። በ1891 ከእነዚህ 15ቱ በፓሪስ ለትርኢት ቀርበው በጥቂት ቀን ውስጥ ተሸጡ። የእህል ክምር ለሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ውርጭ የወረደበትና የማታ ፀሐይ ያረፈበት ግን ለሞኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

በዚያው በ1891 በወንዝ ዳር የተሰለፉ ፖፕላር የሚባሉ ረጃጅም ዛፎችን ሲሥል ዛፎቹ ሊቈረጡ ለጨረታ ቀረቡ። ሞኔም ለእንጨት ነጋዴው ገንዘብ ከፍሎ ሥዕሉ እስኪያልቅ ድረስ እንዲቈዩ አደረገ። በ1892 እና በ1893 ደግሞ በሩዋን ከተማ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ ያንኑ የድንጋይ ግንብ በልዩ ልዩ ሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ሣለው።

በ1893 ከቤቱ አጠገብ መሬት ገዝቶ ኩሬ ሊያስቈፍር ሲነሣ፣ የጂቨርኒ ገበሬዎች የውጭ አገር ተክል ውሃችንን ይመርዝብናል ብለው ተቃወሙት። በመጨረሻ ግን ተፈቀደለት፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ አበቦችንም ተከለ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሥራው ይህን ኩሬ መሣል ሆነ። ሥራው ካላረካው አይራራለትም ነበር፤ በ1908 ለትርኢት ከተዘጋጁት ሥዕሎች ቢያንስ 15ቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በስተርጅናው ነው። በ1911 ሁለተኛ ሚስቱ አሊስ፣ በ1914 የበኵር ልጁ ዣን ሞቱበት። በ1912 ሐኪሞች ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ እየተጋረዱ መሆናቸውን ነገሩት። ሞራ ብርሃንን እንደ ቆሸሸ መስተዋት ስለሚያጣራ፣ ሰማያዊው እየጠፋበት ሁሉም ነገር ቢጫና ቡናማ እየመሰለው ሄደ። ሞኔ ግን በክሌማንሶ አይዞህ ባይነት አዲስ ትልቅ የሥዕል ቤት አሠርቶ ከቀድሞው የሚበልጡ ሰፋፊ ሸራዎችን ዘረጋ። ቀለሙን በዓይኑ መለየት ሲያቅተው በቱቦው ላይ የተጻፈውን ስምና በገበታው ላይ ያለውን የቀለም ተራ እየተከተለ ይሥል ነበር። በ1923 የቀኝ ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ታከመ። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ሁሉ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ አስቸገረው፤ በልዩ መነጽር እየታገዘ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኖቬምበር 11 ቀን 1918 በቆመ በማግሥቱ፣ የሰላሙ መታሰቢያ እንዲሆን ሥዕል ለአገሩ ለመስጠት ለክሌማንሶ ጻፈለት። ስጦታው እያደገ ሄዶ 8 ታላላቅ ሥዕሎች ሆነ። ሞኔ ግን ገና አላለቀም እያለ እስኪሞት ድረስ ከእጁ አላወጣቸውም። ዲሴምበር 5 ቀን 1926 በ86 ዓመቱ ዐረፈ። ሥዕሎቹ በ1927 በፓሪስ በኦራንዥሪ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ተከፈቱ፤ 2 ሜትር ያህል ቁመት ኖሯቸው በሁለት ሞላላ አዳራሾች ግድግዳ ዙሪያ ተዘርግተው ዛሬም ይታያሉ። ባለዕዳ ሆኖ ወጣትነቱን ያሳለፈው የዚህ ሠዓሊ አንድ የክምር ሥዕል በ2019 ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ሞኔ ሊሥል የሚገባውን ነገር ፍለጋ ሁልጊዜ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገውም። ከቤቱ ደጅ ያለ የእህል ክምርና በግቢው ያለ ኩሬ ለብዙ ዓመት በቁት። ተማሪዎች ሆይ! እኛም በየቀኑ እያየነው የምናልፈው፣ በእውነቱ ግን ገና ያላየነው ብዙ ነገር አለ። ማየት የዓይን ብቻ ሳይሆን የትዕግሥትም ሥራ መሆኑን ይህ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ከሌላው ሁሉ አብልጦ ያስተምረናል።