አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና የተሰወረውን ብረት የመፈለግ ጥበብ

በሐርጌሳ ከተማ መንገድ ከመቆፈሩ በፊት የውኃው ቧንቧና የኤሌክትሪኩ ገመድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ለከተማው የሚጠጣው ውኃ በ1970ዎቹ ዓመታት በቻይና ርዳታ ከለማው ከጌድ ደብሌ የጉድጓድ ሥፍራ በረጅም ቧንቧ ይመጣል፤ ያ ቧንቧ በዶማ ቢመታ ሕዝቡ ይጠማል፣ ነጋዴውም ይከስራል። ከዚህ ጉዳት የሚያድነው በምድር ውስጥ ያለውን ብረት በድምፅ የሚያመለክተው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው ታሪክ ቴሌፎንን ከፈለሰፈው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሕይወት ጋራ የተያያዘ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤል ማርች 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአነጋገር ትምህርት መምህር ነበሩ፤ የእናቱ ጆሮ ግን በደንብ አይሰማም ነበር። ሁለቱ ወንድሞቹ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞቱ፣ ወላጆቹ የቀረላቸውን አንድ ልጅ ይዘው በ1870 ወደ ካናዳ ተሻገሩ። በሚከተለው ዓመት ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1876 የቴሌፎንን ፈቃድ ባገኘ ጊዜ ዕድሜው ገና 29 ዓመት ነበር። በ1877 ያገባት ሚስቱ ሜብል ሀባርድም በሕፃንነቷ ታማ መስማት ያቆመች ነበረች።

ጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ በሽጉጥ ተመትተው ቆሰሉ፤ አንዲቱ ጥይትም በሰውነታቸው ውስጥ ቀረች። ራጅ ገና አልታወቀም ነበርና ሐኪሞቹ ባልጸዳ ጣታቸው ቁስሉን እየበረበሩ ይፈልጓት ጀመር።

ቤል ጎን ለጎን በተዘረጉ የቴሌፎን ሽቦዎች የአንዱ ኤሌክትሪክ በሌላው ላይ ጩኸት እንደሚያመጣ፣ ሁለት ጥቅል ሽቦዎችም ተመዛዝነው ሲቀመጡ ጩኸቱ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ዝም ባሉት ጥቅሎች አጠገብ ብረታ ብረት ሲቀርብ ሚዛኑ ይፈርሳል፤ በጆሮ የተያዘው ቴሌፎንም ይጮኻል። ቤልና ረዳቱ ቴይንተር በዚህ ሐሳብ መሣሪያ ሠርተው፣ ከቀድሞው ጦርነት ጥይት በሰውነቱ በቀረበት ወታደር ላይ ፈተኑት፤ አመለከተም።

በፕሬዚዳንቱ ላይ ግን በጁላይ 26 እና በኦገስት 1 ቀን ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልሆነም። ሕሙሙ የተኙበት ፍራሽ ከሥሩ የብረት ሽቦ ነበረው። ይልቁንም ዋናው ሐኪም ብሊስ ጥይቲቱ በቀኝ በኩል ናት ብለው ስለ ወሰኑ፣ መሣሪያው በቀኝ በኩል ብቻ እንዲዞር ፈቀዱ። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ፕሬዚዳንቱ ሴፕቴምበር 19 ቀን አረፉ፤ አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቲቱ በግራ በኩል ተገኘች። በዚያው በኦገስት ወር ቤል በዚህ ሥራ ሲደክም ሳለ፣ ያለ ጊዜው የተወለደው ወንድ ልጁ ሞቶበት ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራውን አልተወም። ጥይት ሲነካ በቴሌፎን ድምፅ የሚሰጥ መርፌ ሠርቶ ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች አበረከተ። ኦገስት 2 ቀን 1922 በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ባረፈ ጊዜ፣ በቀብሩ ሰዓት የሰሜን አሜሪካ ቴሌፎኖች ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም አሉ።

የጥቅል ሽቦው ሐሳብ ግን ከሕሙም ክፍል ወጥቶ ወደ ሜዳ ወረደ። በ1930ዎቹ ጌርሃርድ ፊሸር የተባለ ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ በካሊፎርኒያ የተቀበረ ብረት መፈለጊያ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ሐርጌሳ በ1988 በጦርነት ስትፈርስ የመንግሥቱ ወታደሮች በየቤቱ ሳይቀር ፈንጂ ቀበሩ። ከ1991 በኋላ የተመለሰው ሕዝብ ወደ ደጁ ለመግባት ይፈራ ነበር፤ ፈንጂ ለቃሚዎቹም ምድሩን እየዳሰሱ ያጸዱት በጥቅል ሽቦና በጆሮ ማዳመጫ ነው።

ቧንቧ ሲፈለግ ደግሞ በአንድ ጫፉ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላክበትና ሠራተኛው ከላይ ድምፁን እየተከተለ ይሄዳል። ፈንጂውም ሆነ ቧንቧው ፕላስቲክ የበዛበት ሲሆን ግን መሣሪያው እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ ፕላስቲክ ቧንቧ ሲቀበር ከጎኑ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አብሮ ይዘረጋል።