የቆመን ልብ በእጅ ማነቃቃት ያስተማረው መሐንዲስ

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ሐኪም አልነበረም፤ እንደ ብዙዎቻችን ኢንጂነሪንግ የተማረ ነው። ሙስሊምም አልነበረም። ሆኖም ዛሬ በየትኛውም አገር ልቡ በድንገት ቆሞ ለወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚደረገው እርዳታ እሱና ባልደረቦቹ ከሠሩበት ቤተ ሙከራ የወጣ ነው።

ዊልያም ኮውዌንሆቨን እ.ኤ.አ. በ1886 በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። እዚያው ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ በ1913 ጀርመን አገር ካርልስሩህ ዶክትሬቱን አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በባልቲሞሩ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ ከ1938 ጀምሮም የምህንድስና ትምህርት ቤቱን በዲንነት ለረጅም ዓመታት መራ።

ከልብ ጋር ያገናኘው የመስመር ሠራተኞች ሞት ነው። ኤሌክትሪክ በከተሞች ሲስፋፋ ምሰሶ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በኤሌክትሪክ እየተያዙ ይሞቱ ነበር። ጉዳዩ ያሳሰባቸው የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለምርምር ገንዘብ ሰጡ፤ ኮውዌንሆቨንም ከሐኪሞቹ ከላንግወርዚና ከሁከር ጋር ሥራውን ያዘ።

ኤሌክትሪክ የሚገድለው በማቃጠል ብቻ አይደለም። አነስተኛ ከረንት እንኳ በልብ በኩል ሲያልፍ የልብ ጡንቻዎች ቅንጅታቸውን አጥተው እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ፊብሪሌሽን ይባላል። ልብ ይርገበገባል እንጂ ደም አይረጭም፤ ሰውየውም በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። በልብ ድካም ሳይሆን በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚወድቁ ብዙ ሰዎችም የሚሞቱት በዚሁ መንገድ ነው። ተመራማሪዎቹ በውሾች ላይ ባደረጉት ሙከራ ሁለተኛ ጠንካራ ከረንት ይህን መርገብገብ እንደሚያቆም አረጋገጡ። ሁሉም የልብ ሴሎች በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲሉ አላህ በልብ ውስጥ ያኖረው የተፈጥሮ ምት ሰጪ እንደገና ሥራውን ይጀምራል።

ችግሩ ያኔ ይህን በሰው ላይ ለማድረግ ደረትን መክፈት ማስፈለጉ ነበር። በ1956 በቦስተን ፖል ዞል ደረት ሳይከፈት በውጭ በኩል ልብን መመለስ እንደሚቻል አሳየ፤ የኮውዌንሆቨን ማሽንም በ1957 በጆንስ ሆፕኪንስ ለታካሚ ዋለ። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ቀረ። አንጎል ያለ ደም የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ማሽኑ እስኪደርስ ምን ይደረግ?

መልሱን ያገኘው ጋይ ኒከርቦከር የተባለ ወጣት የኢንጂነሪንግ ተመራማሪ ነው። በ1958 ከባዱን ኤሌክትሮድ በውሻ ደረት ላይ ሲጫን፣ ገና ከረንት ሳይለቀቅ የደም ግፊት መለኪያው ከፍ ሲል አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን የመሣሪያ ስህተት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እነሱ ግን ተከተሉት። ሐኪሙ ጄምስ ጁድ ተጨምሮ የት ቦታ፣ በምን ያህል ኃይልና ፍጥነት መጫን እንዳለበት ፈተሹ። በሐምሌ 1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ከረዷቸው 20 ታካሚዎች 14ቱ እንደተረፉ አስታወቁ። እዚያው ባልቲሞር ይሠራ የነበረው ፒተር ሳፋር ያጠናው የአፍ ለአፍ ትንፋሽ ሲታከልበት ዛሬ ሲፒአር የምንለው ሆነ።

ልብ በሉ፤ ኮውዌንሆቨን ይህን የደረት መጫን ጥናት ሲሠራ ጡረታ ወጥቶ ነበር። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ አልፍሬድ ብላሎክ የመሥሪያ ቦታ ሰጠው፤ እሱም ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ከወጣቶች ጋር ላብራቶሪ ይውል ነበር። በ1969 ጆንስ ሆፕኪንስ የክብር የሕክምና ዶክትሬት ሰጠው። በ1973 የላስከር ሽልማትን አገኘ፤ በ1975 በ89 ዓመቱ ሞተ።

ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ምን አለን? ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ዕውቀቶች ቆጥረው፣ ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲሮጥ ሕክምናን የሚይዝ ሙስሊም መጥፋቱን ወቅሰዋል። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን በእኛ ላይ ነው። የሱረቱል ማኢዳን 32ኛ አንቀጽ የሚቀራ ሰው የአንዲት ነፍስ ክብደት አይጠፋውም።

ስለዚህ ይህን ያዙ። አንድ ሰው ወድቆ ካልመለሰላችሁና በትክክል ካልተነፈሰ ወደ 907 ወይም ወደ ግቢው ክሊኒክ ሌላ ሰው ያስደውሉ። እናንተ በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ በደረቱ መካከል አድርጉ፤ ክንዳችሁን ሳታጥፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫኑ፤ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ልቀቁ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ እንጂ አታቋርጡ። የወደቀችው እህት ብትሆንና የሚረዳት ወንድ ብቻ ቢገኝ ማመንታት የለበትም፤ ሕይወት ማዳን ደሩራ ነው፣ ደሩራ ደግሞ በሸሪዓችን የራሱ ሑክም አለው። በየዶርሙ የጤና ተማሪ አለ፤ አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አስቀምጣችሁ በተግባር እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፤ የምናውቀውንም የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።